አይነሳ

ግንበኛው ሳሎኑ መሀል፣ ከላዩ በወረደው ፎቅ ፍርስራሽ ሥር ሞቶ ተገኘ። መርማሪዋ ከመድረሷ በፊት የቤቱ ሰዎች ጥፋተኛውን መርጠው ጨርሰዋል፤ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ፎርማኑ ነው። ማስረጃቸውም ከግድግዳው በተረፈው ቁራጭ ላይ ነበር። በቀይ ጠመኔ፣ በፎርማኑ እጅ ጽሑፍ፣ «ይነሳ» ይላል።

መርማሪዋ ገና በሩን ስትረግጥ ደሟ ፈላ። አስከሬኑ ሳይነሳ የቤቱ እመቤት ስለ ምንጣፏ ታወራ ነበር።

ፎርማኑ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀምጧል።

«የጻፍኩት አይነሳ ብዬ ነበር ልጄ» አላት። «ፎቁን የተሸከመው እሱ ግድግዳ ነው። መሐንዲስ አይቶት፣ በቦታው ብረት ሳይገባለት እንዳይነካ ብዬ ለባልም ለሚስትም ለወንድሟም፣ ለሦስቱም ተናግሬያለሁ። ግን ትናንት ማታ ሲሚንቶ ላመጣ ስቸኩል አንዷን ፊደል ዘልያት ይሆን? ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«የሚፈርሰውን ግድግዳ በምን ይለዩታል ጋሼ?»

«ኤክስ አደርግበታለሁ። የምጽፈው በሚቆመው ላይ ብቻ ነው። ወንድሜ ግን ዛሬ ገና መግባቱ ነው፤ እኔ ሳልደርስ ጀመረ፤ ምልክቴን አያውቅም። ያነበበውን ሠራ።»

መርማሪዋ ወደ ውስጥ ተመለሰች። በፈረሰው የማድ ቤት ግድግዳ ቅሪት ላይ ኤክስ አለ፤ እዚህኛው ላይ የለም። ከ«ይ» በስተግራ ደግሞ በእርጥብ ነገር የተጠረገ ቦታ አየች። ጠርዙ ፈዘዝ ያለ ቀይ ሆኗል።

ሦስቱን በየተራ አነጋገረች። ሚስትየው ሳሎኗ ከበር እስከ ጓሮ ወለል ብሎ እንዲታይ ፈልጋ ነበር፤ የፎርማኑን ማስጠንቀቂያ ሥራ ማንዛዛት ነው ብላ ንቃዋለች። እዚያው ፎቅ ላይ የሚያድረው ወንድሟ ዲኮር ሠሪ ነው። ግድግዳውን ከአዲሱ የሳሎን ንድፍ ሥዕሉ ያወጣው ስለማያምር ነበር። ተሸካሚ መሆን አለመሆኑን አጣርቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«እኔ ውበቱን ነው የማየው» አላት።

መርማሪዋ ትታው ወደ ባልየው አለፈች።

ባልየው ጨዋ ነው። በሚስቱና በፎርማኑ ጭቅጭቅ መሰልቸቱን፣ ሌሊቱን ሶፋ ላይ አድሮ ከትናንት ወዲህ ፎቅ አለመውጣቱን፣ ማለዳም ሠራተኞቹ ሳይገቡ ቢሮ መሄዱን በትሕትና ነገራት። ላቡን የጠረገበትን መሐረብ ወደ ውስጥ አጥፎ ኪሱ ሊከት ሲል ከዚያው የቴሌቪዥን ሪሞት ዱብ አለ። በስህተት ይዞት መውጣቱን ተናግሮ አነሳው።

መርማሪዋ ፍርስራሹን ዞረችው። አልጋውም ቁም ሣጥኑም ከፎቁ ጋር ወርደዋል። ከላይ በተረፈው የመኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ግን የቴሌቪዥኑ ማንጠልጠያ ባዶውን ቀርቷል። ቴሌቪዥኑን ጋራዥ ውስጥ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ አገኘችው። ብርድ ልብሱን የፍርስራሹ አቧራ አልብሶታል፤ ሥሩ ያለው መስታወት ግን አቧራው ሳይነካው ያብለጨልጫል።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ፎርማኑ በሚፈርስ ግድግዳ ላይ አይጽፍም» አለች። «ስለዚህ ይነሳ ብሎ ሊጽፍ አይችልም። አይነሳ ነው ያለው። አንድ ሰው አ የምትለውን ፊደል በእርጥብ ጨርቅ ጠረጋት፤ ሟቹም የቀረውን አንብቦ መዶሻውን አነሳ።»

«እኔን ነው?» አለች ሚስትየው።

«ግድግዳው እንዲፈርስ እርስዎም ወንድምዎም ፈልጋችኋል። ግን የሠርግ ልብስዎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ የእሱም ሥዕሎች እዚያው ተቀብረዋል። ሁለታችሁም ፎቁ ይወርዳል ብላችሁ አላመናችሁም። ፎርማኑን ያመነው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ግድግዳው ሳይነካ ቴሌቪዥኑን አውጥቶ ጋራዥ አስገባ።» ወደ ባልየው ዞረች። «ከትናንት ወዲህ ፎቅ አልወጣሁም ብለውኛል። ሪሞቱ ዛሬ ኪስዎ ምን ይሠራል? መሐረብዎንም ይዘርጉት።»

መሐረቡ ተዘረጋ። መሀሉ በጠመኔ ቀልቶ ነበር።

«ጭቅጭቁ እንዲያበቃ ብዬ ነው» አለ ባልየው። «መሐንዲስ እስኪመጣ፣ ብረት እስኪገባ… ሰለቸኝ። ምናልባት አይወርድም ብዬ ነው።»

እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የቆየችው መርማሪ ማክበሩ አስጠላት።

«ቴሌቪዥኑን አወጣኸው» አለችው። «ሰውዬውንስ?»

ሚስቱ ከጎኑ ፈቀቅ አለች። ፖሊሶቹ ሲወስዱት ፎርማኑ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም፤ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነበር።

«ጽፌያታለሁ ማለት ነው?»

«ጽፈዋታል ጋሼ።»

ፎርማኑ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልወጣ ያለውን ለቅሶ አለቀሰ።