የቢሆነኝ የፈቃድ ቅጽ

ወለተ ኢየሱስ ባሏን በቀበረች ማግስት ለቅሶ ቤቷን ጥላ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ድረስ መምጣቷ ብቻ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ይናገራል። ኢንስፔክተር ሲሳይነሽ ግን ያን ጠዋት ለማንም የሚሆን ትዕግሥት አልነበራትም። ለአንድ ምርመራ የጻፈችው ደብዳቤ «አልተሟላም» ተብሎ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶባታል።

«ቡሬ ፖሊስ የለም እንዴ?» አለች ቀና ሳትል።

«አለ እንጂ። ሰክሮ ቦይ ገባ ብለው ዘጉት። ቢሆነኝ እኮ ሆዱን ስለሚያመው ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር፣ እመቤቴ።»

ሴትዮዋ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ተረከች። ቢሆነኝ በቡሬ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ፋብሪካ አራት ዓመት ሠርቷል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ብሎ ወጣ፤ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ከፋብሪካው አጥር ኋላ ካለው ቦይ ውስጥ ራሱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። ገና ከቀብር ሳይመለሱ የፋብሪካው የጥቅማ ጥቅም ሠራተኛ ታከለ «ባለቤቴ በዓመት ፈቃድ ላይ ሳለ መሞቱን አምናለሁ» የሚል ወረቀት ይዞ መጣባት።

«ፈረምሽ?»

«እንዴት ብዬ! ሰኞ ቁርሱን በልቶ ሥራ ሲሄድ እጁን ያስታጠብሁት እኔ ነኛ!»

ሲሳይነሽ የተመለሰውን ደብዳቤ ገፋ አደረገችው። ክረምት ላይ የወጣውን የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ አንብባዋለች። ሰው በሥራ ላይ አደጋ ከሞተ አገልግሎቱ አጭር ቢሆንም ሚስትና ልጆቹ ጡረታ ያገኛሉ። በአራት ዓመት አገልግሎት ፈቃድ ላይ ሳለ ከሞተ ግን ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ወለተ ኢየሱስ አራት ልጆች አሏት።

«ተነሽ፣ እንሂድ።»

ቡሬ ሲደርሱ ታከለ ፋይሉን አዘጋጅቶ ጠበቃት። የፈቃድ ጥያቄ አለ፣ ማጽደቂያ አለ፣ ማኅተም አለ፤ ከግርጌው ፊደል የማይቆጥረው የቢሆነኝ የግራ አውራ ጣት ሐምራዊ አሻራ፣ ቀኑም ዐርብ።

«የተሟላ ነው» አለ ታከለ ደረቱን ነፍቶ።

ሲሳይነሽ በዐሥራ አምስት ዓመት የፖሊስ ሥራዋ በመላው ምዕራብ ጎጃም የተሟላ ፋይል አይታ አታውቅም። የተጠራጠረችው ለዚህ ነው።

«ስንት ሠራተኛ አላችሁ?»

«ስልሳ።»

«የሌሎቹን የፈቃድ ቅጽ አምጣ እስቲ።»

ታከለ መሳቢያ ሲስብ፣ ሲመልስ፣ እንደገና ሲስብ ቆየ። «የሌሎቹ እንኳ... ገና እየተደራጀ ነው።»

የፋብሪካው ባለቤት አቶ መሐሪ ከፍ ካለው ወንበራቸው ሳይነሡ ተቀበሏት። «እኔ ሰኞ ቀኑን ሙሉ ፍኖተ ሰላም ሥልጠና ላይ ነበርሁ። ያውም ስለዚሁ ስለ ጡረታው አዋጅ!»

«እርስዎ በሌሉበት ማኅተሙን ማን ይይዘዋል?»

«ማኅተሙም ቀለሙም እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉም ይኸው።» ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያሰሩትን ቁልፍ አሳዩ። «ሚስቴ እንኳ አትነካውም!»

መጭመቂያው ክፍል ገባች። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ የማሽኑ ሠራተኛ አሸናፊ ሳይቀር በዘይት ጠቁሯል። ማሽኑን በሚያዞረው ቀበቶ፣ በቺንጋው ላይ የተገጠመው የቆርቆሮ ሽፋን ብቻ ያብለጨልጫል።

«መቼ ነው የተገጠመው?»

«ቆየ፣ እትዬ» አለ አሸናፊ መሬት መሬት እያየ።

«ዘይት ሳይነካው?»

አሸናፊ ዞሮ ማሽኑን መጥረግ ጀመረ። ሲሳይነሽ ልትጮኽበት ፈለገች። በዚህ ፋብሪካ ወረቀቱ ይናገራል፣ ሰዉ ዲዳ ነው።

ቦዩ ዘንድ ብትሄድ ደግሞ ደረቁ አፈር ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ በደም ርሶ አገኘችው። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥታ ቄስ ይርሳውን ጠየቀች።

«አባቴ፣ ቢሆነኝን የገነዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

«እጁ ላይ ያዩት ነገር ነበር?»

«ሁለቱን አውራ ጣቶች በክር ሳስር የግራው ሐምራዊ ሆኖ አገኘሁት። በሎሚ ባሸው፣ ባሸው፣ እምቢ አለ። ምን ላድርግ፣ እንደዚያው ገነዝሁት።»

በማግሥቱ፣ በሠልስቱ ዕለት፣ ሁሉም ዳሱ ውስጥ ነበሩ። አቶ መሐሪ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ ታከለና አሸናፊ ከኋላቸው ተቀምጠዋል። ሲሳይነሽ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ገብታ ቆመች።

«ለቅሷችሁን ስላቋረጥሁ ይቅርታ። ቢሆነኝ ፈቃድ አልጠየቀም። ከስልሳ ሰው የፈቃድ ቅጽ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ለሞቱ ሲባል የተዘጋጀ።»

«አሻራው የዐርብ ነው!» አለ ታከለ።

«ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ስታስታጥበው ጣቱ ንጹሕ ነበር። ማክሰኞ ቄስ ይርሳው ሲገንዙት ሐምራዊ ነው። ስለዚህ ጣቱ ቀለም የነካው ሰኞ ሥራ ከገባ በኋላ ነው። ጽፋችሁ፣ አትማችሁ ስትጨርሱ የሟችን አውራ ጣት የሚያስር ሰው እንዳለ ረሳችሁ።»

ሰው ሁሉ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ «እውነት ነው» ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቀለሙ ያለው አንድ ቦታ፣ ቁልፉም ያለው አንድ አንገት ላይ ነው። አቶ መሐሪ፣ የሥልጠናውን ስም መቆጣጠሪያ አይቼዋለሁ። ጠዋት ፈርመዋል፣ ከሰዓት በኋላ የሉም። ማን ጠራዎት?»

መልስ የሰጠው አሸናፊ ነው፤ እያለቀሰ ተነሣ። «ጋሽ ታከለ ነው የደወለ። በአምስት ሰዓት ሽፋን የሌለው ቺንጋ ራሱን መታው። ጤና ጣቢያ እንውሰደው ብል አቶ መሐሪ በስልክ ‹እኔ ሳልመጣ በር እንዳይከፈት› አሉ። ሰው ሥራ ላይ ከሞተ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ቺንጋው ሽፋን እንደሌለው ያያል፣ አንዳችንም ለጡረታ አለመመዝገባችንን ያያል። ሲመጡ ራሱን ስቶ ነበር። ጣቱን ይዘው... ሞቷል አሉኝ፣ እትዬ። ሲመሽም ተሸክመን...»

«የገደለው ማሽኑ ነው!» ጮኹ አቶ መሐሪ። «እኔ ምን አደረግሁ?»

«የቦዩ አፈር ስንዝር ያህል በደም ርሷል፤ ሬሳ ያን ያህል አይደማም። ቦይ ስትጥሉት በሕይወት ነበር። ጤና ጣቢያው በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው፤ እርስዎ ከአምስት ሰዓት እስከ ምሽት ወረቀት ሲያሟሉ ዋሉ። ማሽኑ አቆሰለው። የገደሉት እርስዎ ነዎት።»

ፖሊሶቹ አቶ መሐሪንና ታከለን አስነሡ። አሸናፊም ሳይጠሩት ተከተለ።

ወለተ ኢየሱስ ወደ ሲሳይነሽ ጠጋ አለች። «ልጆቹስ?»

«ይገባቸዋል፤ ሥራ ላይ ነው የሞተው። ግን ቶሎ ያልቃል ብዬ አልዋሽሽም። አልተመዘገበም እያሉ ያመላልሱሻል። አብሬሽ እመላለሳለሁ።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቅንቃ ወደ ለቀስተኛው ዞረች። ሦስት ቀን ሙሉ በሰካራም ሞት አንገታቸውን ደፍተው፣ እንባቸውን ቆጥበው የተቀመጡትን ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ሰማችሁ? ቢሆነኝ ሥራ ላይ ነው የሞተው። እንግዲህ እንደገና አልቅሱለት።»

መጀመሪያ ያለቀሱት ቄስ ይርሳው ነበሩ።