የጎረቤት አልጋ

ኡሙሃኒ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚሄደው ሚኒባስ ስትገባ ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። እሷም አየችው። ሁለቱም እንደማይተዋወቁ ሰዎች ዓይናቸውን ሰበሩ።

ዋጃ ላይ ተሳፋሪው ሲወርድ ሻሿን የምታስተካክል መስላ ወደ ኋላ ቀረች። ከሻሿ ሥር አንድ ዘለላ አምልጦ ነበር።

«ፀጉርሽ በቀለ» አለ ሾፌሩ ኡበይድ፣ ሳይዞር።

«ያንተ ግን በቅሎ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል።»

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት፣ እሷ አሥር እሱ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናቸው፣ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውስጥ ስምንት ወር ጎረቤታሞች ነበሩ፤ አልጋና አልጋ። የሁለቱም በሽታ የደም ካንሰር ነበር። ቆቦ ላይ የእሷ ቤተሰብ «አክስቷ ዘንድ ትማራለች» አለ። ዋጃ ላይ የእሱ «ደሴ ቁርአን ሊቀራ ሄደ» አለ። ታማ የነበረች ልጅ ባል አታገኝም፣ ታሞ የነበረም ሚስት። ስለዚህ ድነው ሲመለሱ ጭራሽ ታመው የማያውቁ ሆኑ። ኡበይድን ከበሽታው ይልቅ የከበደው፣ የዋጃው ሼኽ «እስቲ ደሴ የቀራኸውን አሰማን» ያሉት ዕለት ነው።

ሚኒባሱ ላይ ከተገናኙ ወዲህ ኡሙሃኒን የዋጃ ጉዳይ በዛባት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክርና ቁልፍ ዋጃ ብቻ የሚሸጥ ይመስል በሳምንት ሦስቴ ትመላለስ ጀመር። የልጅነቷ ግማሹ ከእሱ ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር አይወራም።

«ትዝ ይልሃል፣ ምግብ አልወርድ ሲለኝ የማሽላ እሸት ስትጠብስልኝ?»

«ያለ እሳት፣ ያለ ማሽላ።»

«አመዱን እፍ እያልክ። ጣቴን አቃጠለኝ ብዬ አልቅሻለሁ እኮ! በመስኮቱ የሰው ጣሪያ ብቻ ነበር የሚታየው፤ አንተ ግን ‹ያውልሽ የራያ ሜዳ› ስትለኝ አየው ነበር።»

ሳቁ።

«ሰው ሆስፒታል ይናፍቃል?» አለችው።

«እኔን የናፈቀችኝ ጎረቤቴ ናት» አለ፣ ማርሹን እየነካካ። መኪናው ቆሞ ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። የኡበይድ አባት አራጌም አብረው መጡ። ትልቁ ሽማግሌ ከኡሙሃኒ አባት ከሙሀመድሰይድ ጋር አስተዋወቋቸው። ሁለቱ አባቶች በሆስፒታሉ ኮሪደር አንድ ሰሌን ላይ ስምንት ወር የተኙ ናቸው።

«አራጌ እባላለሁ።»

«ሙሀመድሰይድ እባላለሁ።»

«የልጁ ጤና እንዴት ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ጉንፋን እንኳ አያውቀው» አሉ አራጌ።

«የልጅቱስ?»

«ራስ ምታት የት አባቱ ያውቃታል» አሉ ሙሀመድሰይድ።

ሁለቱም ምንጣፉን ያዩ ጀመር። በመጨረሻ ሙሀመድሰይድ ቀና ሳይሉ «ልጄን አልሰጥም» አሉ።

«ምክንያትህ?»

«ምክንያት የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ ምክንያት ያለውን ሰው መርታት ያውቃሉ። ምክንያት የሌለውን ግን ምን ይበሉት? ተነስተው ሄዱ።

«አባ፣ ለምን?» አለች ኡሙሃኒ፣ ቤቱ ባዶ ሲሆን።

«ቢያገረሽበትስ? አንቺስ ቢያገረሽብሽ? በአንድ ቤት ሁለት… ያንን ኮሪደር ዳግመኛ አልችለውም፣ ልጄ።»

«ሐኪሞቹ ሁለታችንንም ድናችኋል ብለዋል እኮ።»

«እኔን ግን ድነሃል ያለኝ የለም።»

በወሩ፣ ያኔ ኡሙሃኒንና ኡበይድን ያስታመመቻቸው ነርስ ሲስተር ኤልሳቤጥ ለሕፃናቱ ክፍል ድጋፍ ልታሰባስብ ቆቦ መጣች። ከሩቅ የሚመጡ ወላጆች ኮሪደር ላይ እንዳይተኙ ማረፊያ ቤት ሊሠራ ነው። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከቆቦም ከዋጃም በመጣ ሰው ሞላ።

«ከዚህ አገር ታክሞ የዳነ አለ?» ብላ ጠየቀች። የድሮ ታካሚዎቿን አይታቸዋለች፤ ስማቸውን ግን አልጠራችም።

ኡሙሃኒ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች።

«የለማ!» አለች አሚና የምትባል እናት፣ የገረጣች ልጇን አቅፋ። «አዲስ አበባ ውሰጃት ይሉኛል። ሄዶ የዳነ ሰው ግን አላየሁም። እንግዲያው ሙሚናዬ እቤቷ ትሁንልኝ።»

ኡሙሃኒ ተነሳች።

«እኔ ድኛለሁ። የደም ካንሰር ነበረብኝ።»

ጎረቤቶቿ ሁሉ ዞሩ። ከበሩ በኩል ኡበይድ «እኔም» አለ። «አልጋዬ ከአልጋዋ ጎን ነበር።»

«አንተ ደሴ አልነበርክም እንዴ?» አሉ ሼኹ።

«አልነበርኩም፣ ሼኽ።»

«እኔም ቂርአትህ ገርሞኝ ነበር።»

አሚና ኡሙሃኒን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «አግብተሻል?»

ኡሙሃኒ አባቷን አየች። ሙሀመድሰይድ ቀና ብለው መጀመሪያ ሙሚናን አዩ፣ ቀጥሎ ማዶ የተቀመጡትን አራጌን።

«ልታገባ ነው» አሉ። «በሩ ላይ የቆመውን። አንቺም ልጅሽን አሳክመሽ ለሰርጉ ትደርሻለሽ።»

«ሕክምናው ብዙ ወር ይፈጃል» አለች ሲስተር ኤልሳቤጥ።

«እንጠብቃታለን።»

«ስንት ወር?» አለ ኡበይድ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ አሚናም ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ሙሚና በዘጠነኛው ወር ተመለሰች። ኒካሁ በሳምንቱ ታሰረ። ኡበይድ ሳምንቷንም በዛች ብሎ አጉረምርሟል።