ከጥቁሩ ጨርቅ ስር ያለ እጅ

ደሴ ውስጥ ልጁን ክርስትና የሚያስነሳ ሰው የይሄይስን ፎቶ ቤት ያውቀዋል። ገና መቀመጥ ያልቻለ ሕፃን ሲመጣለት እናትየዋን ከወንበሩ ኋላ ያንበረክክና ጥቁር ጨርቅ ያለብሳታል፤ እሷ ከጨርቁ ስር ልጇን ደግፋ ትይዛለች፣ እሱ ያነሳል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የልጁን ፊት ያበራል፣ የእናትየዋን እጅ ያጠፋል፣ በጨለማው ቦታ አበባና ፊኛ ያስገባል። ልጁ ብቻውን የተቀመጠ ይመስላል፤ ወላጆችም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

ዛሬ ተራው የገዛ ልጁ የሶልያና ነበር። እሑድ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ትነሳለች፣ ፎቶዋም በድግሱ ድንኳን በር ላይ ይሰቀላል። ሚስቱ ትርንጎ ከጨርቁ ስር ገባች። ይሄይስ ቁልፉን እያቅጨለጨለ «ሶልዬ! እማዬ! ወደዚህ!» ቢል፣ ሕፃኗ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ዓይኗን ከእናቷ ራስ በላይ ወዳለው ጨለማ ሰቅላ ቀረች። እንደምንም ፎቶ አነሳት። ትርንጎም ልጅቷን ታቅፋ ልታጠባት ወደ ጓዳ ገባች።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከጥቁሩ ጨርቅ በኩል አዲስ የተቆፈረ አፈር የመሰለ ሽታ መጣበት፤ ሄዶ ቢዳስሰው ጨርቁ ደረቅ ነው። ተመልሶ ተቀመጠና የልጁን ፊት አበራ። በሕፃኗ ግራና ቀኝ ሁለት እጆች ይታያሉ። ቀለበት ያለበትን የትርንጎን እጅ እንደ ልማዱ መጀመሪያ አጠፋ። ሁለተኛውን አጥፍቶ ከኋላዋ ያለውን ጨለማ ትንሽ ፈካ ቢያደርገው፣ እጁ እዚያው አለ፤ አሁን ከጎኗ ወደ ደረቷ ወጥቷል። አጠፋው። ደግሞ አበራው። አንገቷ ስር ደርሷል፣ የጣቶቹም ርዝመት የጤና አይመስልም።

ፈራ። መፍራቱ እንዳይታወቅበት ግን እየሳቀ ወደ ጓዳ ተጣራ።

«ትርንጎ፣ እጆችሽን ማጥፋት አቃተኝ እኮ!»

«የምን እጆች? በአንድ እጄ ነው የያዝኳት። በሌላው ጨርቁ እንዳይወድቅ ይዤ ነበር» አለች እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። «አሁንስ አበዛኸው፤ ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል። ተወው በቃ፣ ልጅቷም እቅፌ ውስጥ ተኝታለች።»

ይሄይስ የሚስቱን እጅ ወደ ፎቶው ሊመልስ ሞከረ። ግን ዋናውን ፎቶ አጥፍቶ የታረመውን በቦታው ማስቀመጥ ልማዱ ነው፤ የሚመለስ ነገር አልነበረም። አሁን ፎቶው ላይ ልጁን የያዘ የሰው እጅ የለም። ሶልያና ከወንበሩ ከፍ ብላለች፤ ከስሯ ጨለማ ይታያል።

የትርንጎ ድምፅ ከጓዳ መጣ፣ ምንም ሳይደናገጥ፦

«ይሄይስ፣ ሳትቀሰቅሰኝ ልጅቷን ወሰድካት እንዴ?»