የግምጃ ቤቱ መስኮት

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. በጎጃም ክረምቱ ከፋ። በሰኔ በረዶ ጣለ፤ የበቀለው በቆሎ ተመታ፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ። በዚያው ወራት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ፤ ባላገሩ «ርስታችን ሊለካ ነው» ብሎ እምቢ አለ፤ በሰማይ አውሮፕላን ዞረ፤ የታሰረ ታሰረ፤ የሸፈተ ሸፈተ።

ከታሰሩት አንዱ ደመላሽ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ገበሬ ነበር። በአገሩ ገዥ በደጃዝማቹ ግቢ፣ በድንጋዩ ግምጃ ቤት ፎቅ፣ እግረ ሙቅ ገብቶበት ተቀመጠ። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ በአንድ በሬ ቀርታለች፤ የጤፍ መዝሪያው ቀን ሊያልፍ ነው።

«ሰባት ቀን ስጡኝ፤ ዘሬን ዘርቼ ልመለስ» ብሎ ለመነ።

«ዋስ ጥራ» አሉት። የሚጠራው አልነበረውም።

ያን ዕለት አብዱረዛቅ የሚባል የአምበር ከተማ ሸማኔ ለደጃዝማቹ ጋቢ ሊያስረክብ መጥቶ ነበር። ደመላሽን በገበያ በመልክ ብቻ ያውቀዋል። ጋቢውን አስረከበና፣ «እኔ ዋስ ነኝ፤ ካልመጣ እኔን ያዙ» አለ፤ በደመላሽም ቦታ ገባ።

ደመላሽ ዘሩን ዘራ፤ በቀጠሮው ግን አልተመለሰም። አብዱረዛቅ ሃያ ሰባት ቀን ታስሮ ተፈታ። ደመላሽ ለጠየቀው ሁሉ «ወንዝ ሞላብኝ» ይል ነበር። ወንዙስ ሞልቶ ነበር፤ ግን ከቀጠሮው በሦስተኛው ቀን ጎደለ። ደመላሽም በወንዙ መሻገሪያ፣ በመልካው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ ውሃው ከጉልበት እንደማያልፍ አይቶ፣ ወደ ግቢው ሽቅብ ተመልክቶ፣ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ከዓመት በኋላ ሙክት እየጎተተ ሸማኔው ደጅ ደረሰ። አብዱረዛቅ ከሽመናው ቀና ብሎ፣ «ቀን በበግ አይከፈልም፤ ይዘኸው ተመለስ» አለው። በቁጣ አልነበረም፤ ደመላሽን ያሳረረውም ይኸው ነበር። ሸማኔው ሞተ፤ ዕዳው ቀረ።

ንጉሡ ወረዱ፤ ርስቱም ግብሩም በአዋጅ ቀረ። ግቢው መጋዘን ሆነ፤ ቆይቶም ታደሰና ሆቴል ተባለ።

በ፳፻፲፭ ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ ደብረ ማርቆስ የምታስተምረው የደመላሽ ልጅ የኔአለም አባቷን ለሁለት ቀን ዕረፍት ወደዚያ ሆቴል ወሰደችው። የት እንደ ታሰረ ነግሯት ስለማያውቅ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ለምን እግሩ እንደ ተያዘ አልገባትም። ከድካም ቆጠረችው።

የያዘችለት ክፍል የግምጃ ቤቱ ፎቅ ነበር። መጋረጃውን ገለጠችና፣ «አባባ፣ ይምጡ ይዩ! ወንዙ እስከ መልካው ድረስ ይታያል» አለች።

ደመላሽ ወደ መስኮቱ ቀረበ። በታሰረ ጊዜ እግረ ሙቁ ስለሚይዘው ከዚያ ደርሶ አያውቅም፤ ሰማይ ብቻ ነበር የሚታየው። አብዱረዛቅ ግን ዋስ ነበር፤ ዋስ በእግረ ሙቅ አይታሰርም። አሁን መልካው፣ ያ የቆመበት ድንጋይ ሳይቀር፣ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ታየው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጫ አጣ። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ተመላለሰ።

«አልጋው እኮ አይናከስም» አለች የኔአለም።

«እሱ ነው የቸገረኝ። ያለ ቁንጫ መተኛት አልለመድኩም» አላት፤ እሷ ሳቀች፤ እርሱ አልሳቀም።

በማግስቱ መንገድ ተዘጋ፤ ስልክም ተቋረጠ። ከሩቅ ተኩስ ተሰማ፤ እንግዶቹ በግቢው ተሰብስበው ወሬ ይቃርሙ ጀመር። በዚያው ጧት ማዳበሪያ የጫነ መኪና በሆቴሉ ግቢ ቆሞ ተገኘ። ማዳበሪያ እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ክረምት ነበርና፣ ጌቱ የሚባለው የሰፈሩ ዘበኞች አለቃ ሹፌሩን ያዘው።

«የገበሬዎች ማኅበር ነው፤ ወረቀቱን አምበር ቤቴ ረስቼው ነው» አለ ሹፌሩ። «እግሬን ልቀቁልኝና ላምጣው። ይህ ካልደረሰ የሰዉ ዘር ባዶ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው!»

«ሌባ ሁሉ ወረቀቱን ቤቱ ነው የሚረሳው» አለ ጌቱ። «ዋስ አለህ?»

«በማላውቀው አገር ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ደመላሽ በከዘራው እየተመረኮዘ ቀረበ። «የማን ልጅ ነህ?»

«ሙራድ እባላለሁ። የአብዱረዛቅ፣ የሸማኔው የልጅ ልጅ ነኝ።»

ሽማግሌው ከዘራውን መሬት ላይ ተከለና፣ «እኔ ዋስ ነኝ» አለ።

«አባባ!» አለች የኔአለም፤ «መንገዱ ሲከፈት እኮ ሂያጅ ነን!»

«አባቴ፣ ያውቁታል?» ጌቱ ጠየቀ።

«አላውቀውም።»

«በሦስት ቀን ካልመጣ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት።»

«የሚቀመጡበትን ቦታ አውቀዋለሁ።»

ሙራድ እጅ ነሥቶ፣ ስሙን ጠይቆ ሄደ። ዝናቡ ሳያባራ ሦስቱ ቀን አለፈ። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞላ፤ ድልድዩ በኬላ ተዘግቷል። በአራተኛው ቀን ጌቱ እያፈረ መጣ።

«ይሂዱ አባቴ። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም አይጠይቅዎትም።»

«ያን ጊዜም ማንም አልያዘኝም ነበር» አለ ደመላሽ። ጌቱ አልገባውም። የኔአለም ለመነች፤ ተቆጣች፤ አለቀሰች። በመጨረሻ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ያኔ፣ ከአምሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ ፊቷን ግን አላየም፤ ዓይኑ መልካው ላይ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከማዶ አንድ ሰው መጥቶ ከድንጋዩ ላይ ቆመ። ውሃው ገና አልጎደለም። ሰውየው ወደ ግቢው ሽቅብ ተመለከተ። ደመላሽ የመስኮቱን ደፍ ጨብጦ፣ «ተመለስ፤ ይወስድሃል» አለ በሹክሹክታ። ሰውየው ልብሱን አውልቆ ከራሱ ላይ አሰረ፤ ገባ፤ ውሃው እስከ ደረቱ ዋጠው፤ ሁለት ጊዜ አዳለጠው፤ ተሻገረ።

ሙራድ በላስቲክ የተጠቀለለውን ወረቀት ለጌቱ ሰጥቶ፣ እየተንጠባጠበ ደረጃውን ወጣ።

«ስምዎን ስነግረው አባቴ አለቀሰ» አለ።

«ልጄ፣ ያኔ ወንዙ ጎድሎ ነበር።»

«አባቴ እንደ ነገረኝ፣ አያቴ ከዚህ ሆኖ አይቶዎታል። የደጃዝማቹ ዳኞች ሲጠይቁት ግን ‹ወንዝ ሞልቶበት ነው› አላቸው። ‹መጥቶ ተመለሰ› ቢል ፈረሰኛ ሊልኩብዎት ነበራ።»

ደመላሽ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ኋላ፣ «ስድስት ቀን ተቀመጥሁ፤ ሃያ አንድ ይቀራል» አለ።

«የቀረውን እኔ ምሬያለሁ። ይነሡ አባባ፤ ኬላው አሁን መከፈቱን አለቃው ነግሮኛል፤ ማዳበሪያው ሳይረፍድበት እንሂድ።»

የዘመኑን ነገር የጻፉ ሰዎች ስለ ግብሩና ስለ አውሮፕላኑ ጽፈዋል፤ ስለዚያ ሐምሌም ይጻፍ ይሆናል። በሆቴሉ በር ላይ የደጃዝማቹ ስም ከነማዕረጉ በእብነ በረድ ተቀርጿል። አንድ ሸማኔ መስኮት ላይ ቆሞ፣ የከዳውን ሰው በአንዲት ውሸት እንዳዳነው ግን የትም አልተጻፈም።

መኪናው ድልድዩን ሲሻገር ደመላሽ ዞሮ ወደ ግምጃ ቤቱ ተመለከተ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ የሚጠብቅ ሰው አልነበረበትም።