የአሥር ደቂቃ ዕረፍት

እሑድ ረፋዱ ላይ አንተነህ ልጁን ሶልያናን ይዞ ከባቡሩ ሲወርድ፣ ከነቃ ጀምሮ ከማንም ጋር አልተጣላም ነበር። ይህ ለእሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሚስቱ የምሥራች፣ በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ተረኛ ስለነበረች አብራቸው አልመጣችም፤ በር ላይ ቆማ የልጅቷን ፎጣ ቦርሳው ውስጥ እየጠቀጠቀች፣ «እባክህ ዛሬ እንኳ ሰላም ዋል። ልጅቷ ባሕር ልታይ ነው የምትሄደው፣ ለክርክርህ ልታስተረጉም አይደለም» ብላው ነበር። እሱም ቃል ገባ። ጃፓን ከገቡ አራት ዓመታቸው ነው፤ በእነዚህ ዓመታት በቆሻሻ አጣጣል፣ በብስክሌት ማቆሚያ፣ ደረጃ ላይ በተቀመጠ ጫማ ሳይቀር ያልተጣላበት ጉዳይ የለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በእንግሊዝኛ ስታቲስቲክስ ያስተምራል፤ ጃፓንኛው ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ጠቡን ሁሉ የሚጣላው ቋንቋውን እንደ አገሬው ልጅ በምትናገረው በስምንት ዓመቷ ሶልያና አፍ ነበር።

የዛሬው ጉዞ ግን ለእሷ ነው። ሶልያና መንሳፈፍ አትችልም። ከክፍሏ ልጆች ሁሉ ጆሮዋን ውሃ ውስጥ መንከር የምትፈራው እሷ ብቻ ነበረች፤ የትምህርት ቤቱ መዋኛ ከደረቷ ባያልፍም ግድግዳውን ጨብጣ ትቀራለች፣ ልጆቹም ይስቁባታል። «ዛሬ በጀርባሽ ትንሳፈፊያለሽ» ብሏታል ባቡሩ ውስጥ። «እጄን ከሥርሽ አላነሣም።»

ቦታው በእርግጥም ለቤተሰብ ተብሎ የተሠራ ይመስል ነበር። በሁለት ድንጋያማ ክንዶች የታቀፈች ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ናት፤ ማዕበሏ ገንዳ ውስጥ ካለ ውሃ ብዙም አይበረታም፤ ከኋላዋ ጥዶች ተሰልፈዋል፤ በጥዶቹ ላይ ዓይን የማይይዛቸው ባለክንፍ ነፍሳት ብረት እንደሚቆርጥ መጋዝ ያለ ማቋረጥ ይጮኻሉ፤ ከውሃው ላይ ብርቱካናማ ኳሶች የተንጠለጠሉበት ገመድ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ ተዘርግቶ መዋኛውን ከክፍቱ ባሕር ይለያል። እናቶች ሰሌን ላይ ሐብሐብ ይቆርጣሉ፤ አባቶች ጉንጫቸውን ነፍተው የልጆቻቸውን ጎማ በአየር ይሞላሉ። አየሩ ጨው፣ የተጠበሰ በቆሎና የትንኝ ማባረሪያ ጭስ ይሸታል፤ ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ክፍል ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት የታፈነ፣ እርጥብ ሽታ አለ። ሲያልፉ ሁሉም ለሰላምታ አንገቱን ሰበረላቸው። ማንም ፈገግ አላለም።

ሰሌናቸውን ሳይዘረጉ የዳርቻው ጠባቂ መጣ። ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ፣ ፊቱ በፀሐይ የተኮማተረ ሽማግሌ ነው። ሦስት ጊዜ እጅ ነሥቶ መናገር ጀመረ፤ ባሕሩን አሳየ፣ ፀሐዩን አሳየ፣ ጥዶቹን አሳየ፣ በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሶልያናን በእጁ መዳፍ ጠቆመ። ልጅቷ ሰምታው ስትጨርስ፣ ሁልጊዜ ከመተርጎሟ በፊት እንደምታደርገው፣ ለአፍታ የእግር ጣቶቿን ተመለከተች።

«ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ሰው ይውጣ ይላል። አሥር ደቂቃ ዕረፍት አለ።»

«ይህን ሁሉ አውርቶ ይህቺ ብቻ ናት?»

«ጃፓንኛ ረጅም ነው፣ አባዬ።»

ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቀም፤ የልጅቷን ፊት ሲመረምር ቆይቶ፣ አንድ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተና ትቶት ሄደ።

የመጀመሪያው ፊሽካ የተነፋው ውሃው ገና ወገቧ ላይ ሳለ ነበር። አንተነህ በሕይወቱ ሕዝብ እንደዚያ ሲታዘዝ አላየም። በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ውሃው ባዶ ሆነ፤ አንድም ልጅ «ትንሽ ልቆይ» ብሎ አላለቀሰም። ሁሉም እየተንጠባጠበ በጋለው አሸዋ ላይ እየዘለለ ሰሌኑ ላይ ደረሰ፤ ከዚያም፣ ሕፃን አዋቂ ሳይል፣ ጀርባውን ለባሕሩ ፊቱን ለጥዶቹ ሰጥቶ ተቀመጠ። እናቶች የሕፃናቱን ፊት ደረታቸው ላይ ለጠፉ። ነፍሳቱም አንድ ሰው እንዳዘዛቸው በአንዴ ጸጥ አሉ።

አንተነህ ፊቱን ለባሕሩ አድርጎ ተቀመጠ። ባሕር ሊያይ መጥቶ ዛፍ የሚያይበት ምክንያት አልነበረም። ውሃው ባዶ ነው፤ ነገር ግን በገመዱ ላይ ያሉት ኳሶች፣ አንድ ሰው ገመዱን በእጁ እየጨበጠ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በየተራ ወደ ታች ይሰምጡና ብቅ ይላሉ። ለጠፍ፣ ለጠፍ የሚል ድምፅም ይሰማል፤ ልጆች ውሃውን በመዳፋቸው ሲመቱት የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ግን ሳቅ የለበትም። ማዕበል ነው ብሎ ሊያስብ ሲል፣ አጠገባቸው ያሉት ባለአበባ ባርኔጣ አሮጊት ዘወር ሳይሉ ጃንጥላቸውን ከፍተው በእሱና በባሕሩ መካከል አዘንብለው ተከሉት።

ደሙ ፈላ። «ንገሪያቸው፤ ባሕሩን አልገዙትም በያቸው!»

ሶልያና አንድ አጭር ነገር አለች። አሮጊቷ በሹክሹክታ ብዙ መለሱ። ልጅቷ ጣቶቿን አየች።

«ፀሐዩ ዓይንህን እንዳይጎዳህ ነው አሉ።»

በከፊል አፈረ፤ በከፊል አላመነም። አንድም ሰው አላናገረውም፤ አንድም ሰው ግን አልረሳውም፤ ጀርባቸው ሁሉ እሱን እያየ መሰለው። ሁለተኛው ፊሽካ ተነፍቶ ሰው ሲነሣ፣ ማዕበሉ ጠርጎ ባለሰለሰው እርጥብ አሸዋ ላይ ትናንሽ የእግር ዱካዎች አየ። ከውሃው ወጥተው፣ ወደ እነሱ ሰሌን አቅጣጫ ሦስት እርምጃ መጥተው፣ ወደ ውሃው የተመለሱ ነበሩ። ሊያሳያት ሲጠቁም የሚሮጡት ልጆች ረግጠው አጠፏቸው።

በሚቀጥለው ሰዓት ግን ሁሉን ረሳው። ደረቱ በሚደርስበት ውሃ ቆሞ ቀኝ መዳፉን ከጀርባዋ ሥር ዘርግቶ ያዛት። መጀመሪያ እንደ እንጨት ደርቃ ነበር፤ አንገቱን ቧጠጠችው፣ አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ በራሷ ስድብ ሳቀች። ቀስ በቀስ ጆሮዋ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ትንፋሿ ረዘመ። የአከርካሪዋን ትናንሽ አጥንቶች በመዳፉ ይቆጥራቸው ነበር። «አባዬ፣ የራሴ ልብ ይሰማኛል!» ስትለው፣ በዚህ አገር ካሸነፋቸው ክርክሮች ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ ተሰማው።

ፊሽካው ተነፋ።

«አባዬ፣ እንውጣ።»

«አሁን ነው የያዝሽው። ካቆምን ፍርሃቱ ይመለሳል።»

በዙሪያቸው ውሃው እየተገፋ ሰው ይወጣል። «በናትህ እንውጣ!»

«ምክንያቱን ንገሪኝና እወጣለሁ። ሽማግሌው ጠዋት ያለውን በሙሉ።»

«ከነገርኩህ ትጣላለህ።»

አራት ዓመት ሙሉ የሰማው የሰዎችን ግማሽ ንግግር ብቻ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገባው፤ ይህም ከማሳፈር ይልቅ አናደደው። «ሁልጊዜ እየቆረጥሽ ነው የምትነግሪኝ?»

«ክፉ ክፉውን ብቻ ነው የምቆርጠው» አለች፣ እንደ ተንሳፈፈች።

«እንግዲያው ክፉውን ንገሪኝ።»

«አሁን የእነሱ ተራ ነው ይላል። አንድ ሰዓት እኛ፣ አሥር ደቂቃ እነሱ። ያን ጊዜ ውሃ ውስጥ የተገኘ ልጅ…»

ፊሽካው ደጋግሞ ጮኸ። ሽማግሌው ከዳርቻው ሆኖ ይጣራል፤ ድምፁ ተሰንጥቋል፤ እጆቹን ያወናጭፋል፤ ግን ፊቱ ወደ ጥዶቹ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ! አንተነህ ብዙ ንቀት ችሏል፤ ጀርባውን ሰጥቶ የሚጮኽበት ሰው ግን እስከዛሬ አልገጠመውም። አንገቱን ወደ ዳርቻው አዞረና በአማርኛ፣ ሳንባው እስኪተረተር ጮኸበት፦

«ፊትህን አዙርና አናግረኝ! ሰው ነኝ! ሰው ነኝ እኮ!»

ከተደረደሩት ጀርባዎች አንዱም አልተነቃነቀም። እሱም መጮኹን አላቆመም፤ አንዱን ስድብ ሲጨርስ ሌላው ራሱ ይመጣለት ነበር፤ የቆሻሻው፣ የብስክሌቱ፣ የደረጃው ጫማ፣ የአራቱ ዓመት ቁጣ በአንድ ላይ ወጣ። የራሱ ድምፅ ሞልቶት ስለነበር ነፍሳቱ ዝም ማለታቸውን ዘግይቶ አወቀ። ያ የተዘጋ ክፍል ሽታ አፍንጫው ሥር ደረሰ። ውሃው ከወገቡ በታች ቀዘቀዘ፤ ከዚያም አንድ ለስላሳ ነገር ጭኑን ነክቶ አለፈ፤ ሌላ ተከተለው፤ ሌላም፤ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ይቅርታ ሳይጠይቁ እንደሚያልፉ ሰዎች፣ ቁመታቸው አጭር የሆነ ብዙዎች በግራና በቀኙ እየታከኩት አለፉ። በመዳፉ ላይ ያለው ክብደት ለአንዲት ትንፋሽ ቀለለ። ባዶ ሆነ። ከዚያ ተመለሰ።

ጩኸቱን አቋርጦ ዞረ። ሶልያና በመዳፉ ላይ ተንሳፍፋለች። እጆቿ ተዘርግተዋል፤ ዓይኖቿ ተከፍተው ሳይርገበገቡ ፀሐዩን ያያሉ፤ ፊቷ ላይ ፍርሃት የሚባል ነገር የለም። ከዚህ በላይ ቆንጆ አድርጎ የሚንሳፈፍ ሰው አላየም። እጁን አላነሣም፤ ቃሉን ጠብቋል፤ ይህን ለራሱ ሁለት ጊዜ ነገረው። ለምን ሁለት ጊዜ እንዳስፈለገው አላወቀም። የጀርባዋን አጥንቶች በጣቱ ፈለጋቸው፤ አላገኛቸውም።

«ሶሊ?»

«አቤት» አለች፤ ፈጥና፣ ጥርት አድርጋ።

ፊሽካው አሥር ደቂቃው ማለቁን ተናገረ። ማንም ወደ ውሃው አልተመለሰም። አንተነህ ልጁን እጇን ይዞ ሲወጣ ሰዎቹ ሰሌናቸውን እየጠቀለሉ፣ የልጆቻቸውን ዓይን በመዳፋቸው እየሸፈኑ ነበር። አሸዋው የእሱን እግር አቃጠለው፤ እሷ ቀስ ብላ፣ ሙሉ እግሯን እያሳረፈች ተራመደች። አሮጊቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ልጅቷን አልፈው፣ ወደ ውሃው እጅ ነሡ።

ሽማግሌው መንገዱ ላይ ጠበቃቸው። አልተቆጣም። ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ልጅቷን ሳያይ፣ አንተነህን ብቻ እያየ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሁለት ጊዜ ወደ ገመዱ አመለከተ፤ እንባው በተኮማተረው ጉንጩ ላይ ይወርድ ነበር። አንተነህ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ምን አለ?» ሲል ጠየቃት፤ ድምፁ ለራሱ እንኳ አልተሰማውም።

እሷም ጣቶቿን ሳትመለከት፣ ትንፋሽ ሳትወስድ፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ፣ እጁን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ተረጎመችለት፦ «‹ልጅዎ አሁንም እዚያ ገመዱ ጋ ሆና እየተጣራች ነው፤ ይህችን ግን እባክዎ ወደ ቤትዎ ይዘው አይግቡ› ይላል።»