አንደርስ ያሰረው ቺንጋ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ወሬው ረጅም አይደለም፤ ግን ቀስ እያልኩ ነው የምነግራችሁ፣ ለእኔም ስለሚከብደኝ።

ብሪታ በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ፣ በጀርባዋ ተንጋላ ከሣር ማጨጃው ሥር ገብታለች። ማጨጃው እንደ ትንሽ ትራክተር ተቀምጠው የሚነዱት ነው፤ ከእሷ በዕድሜ ይበልጣል፣ ቀይ ቀለሙም ነጥቷል። ቁልፉን ነቅላ ኪሷ ከትታለች፣ ሞተሩ ሳይታሰብ እንዳይነሳ የካንዴላውን ገመድ ለይታለች፣ የማጨጃውን ፊት በሁለት ወፍራም ግንድ ላይ አሳርፋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም ሥራውን ታውቀዋለች።

«እግር ብቻ የቀረሽ፣ ማን ነሽ?» አለ አንድ ድምፅ።

«ብሪታ ነኝ፣ ጋሽ ኦርቪል።»

ጎረቤታቸው ሽማግሌው ኦርቪል ሳቀ። «እኔ ደግሞ ማሽኑ የበላው ሰው መስሎኝ ጸሎት ልጀምር ነበር! ካምቢዮው ሞቷል ብሎኛል አባትሽ። ከቀትር በኋላ ተጎታቹን አምጥቼ ወደ ቁርጥራጭ ብረት መሸጫው እወስደዋለሁ።»

«ከዚያ በፊት ከሠራሁትስ?»

«ከሠራሽውማ ተጎታቹ ላይ አንቺን ጭኜ ከተማውን አዞርሻለሁ!» ብሎ ሄደ።

ብሪታ አልሳቀችም። ማጨጃው የወንድሟ የአንደርስ ነበር። አንደርስ በጥር ወር ዓሣ ሊያጠምድ በወጣበት፣ የሐይቁ በረዶ ከእግሩ ሥር ከድቶት ሰጥሞ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሁን ግንቦት ነው፤ ሣሩ ጉልበት ደርሷል።

ማጨጃው ሜዳው ላይ እንደታመመች ላም እየተጎተተ ይሄዳል። ከቤቱ ጀርባ ካለው ዳገት ሲደርስ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም፣ ጎማ ጎማ ይሸታል። መጀመሪያ ከኋላ ያለችውን ዘንግ አየች፤ እሷ ከተሳበች ካምቢዮው ይለቅና ማሽኑ በእጅ ይገፋል። አልተሳበችም። ቺንጋውን የሚወጥረውን ሞላ አየች፤ አልላላም። የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ያንን የጎማ ቀበቶም በጣቷ ዳሰሰችው፤ ገና አዲስ ነው።

ያኔ ነው ያየችው። ቺንጋው ከሚዞርበት መንኮራኩር፣ ከፑሌጃው፣ እንዳይወጣ የምትጠብቅ ጣት የምታህል ብረት አለች። ቺንጋው በውስጧ ማለፍ ሲገባው በውጪዋ አልፏል። ብረቷ ከመታሸት ብዛት እንደ መስታወት ታበራለች፤ ዙሪያዋ ጥቁር የጎማ ብናኝ ነው። ካምቢዮው ምንም አልሆነም።

ያንን ቺንጋ በመኸር ያሰረው አንደርስ ነበር። ጓደኞቹ መንገድ ላይ መኪናቸውን አቁመው ጥሩምባ ሲያስጮሁበት፣ «መጣሁ፣ ምን ያንጫጫችኋል!» እያለ ቸኮለ። «ከአዲስም ይበልጣል!» ብሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሮጠ። ከዚያ በኋላ በረዶ ጣለ። ያ ማሽን በእሱ እጅ ዳግም አልተነካም።

ብሪታ ከሥሩ ስትወጣ አባቷ ዴል የጋራዡ በር ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላወቀችም።

«አባዬ፣ ካምቢዮው ደህና ነው። ቺንጋው ነው እንጂ...»

«ከብረቷ ውጪ ነው» አለ አባቷ።

«ታውቅ ነበር?»

«በረዶው እንደቀለጠ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ሞቷል አልክ?»

አባቷ መሬት መሬት አየ። «ሦስት ጊዜ ከሥሩ ገባሁ፣ ብሪትዬ። ሦስቴም መፍቻውን ይዤ ወጣሁ። ስህተት ነው፤ ግን የልጄ ስህተት ነው። የመጨረሻ ሥራው። እንዴት ብዬ ልፍታው?»

«ስለዚህ ብረት ቆራጭ ይፍታው?»

«እኔ ሳላይ ይሁን ብዬ ነው» አለና ድምፁ ተሰበረ። «ልጄ፣ እንዳለ ይሂድ። ተይው።»

ብሪታ ሳትነካው ብትቀር የአንደርስ እጅ ያሰረው እንዳሰረው ይሆናል፤ ማሽኑ ግን ከሰዓት በኋላ የለም። ብትፈታው ማሽኑ ይቀራል፤ የአንደርስ እጅ የነካው ያ አንድ ነገር ግን ለዘላለም ይጠፋል። አባቷን ቀና ብላ አየችው። ጺሙን ከተላጨ ሰነባብቷል።

«ወደ ቤት ግባ፣ አባዬ» አለችው በለሆሳስ። «እዚህ አትቁም።»

አባቷ ትከሻዋን ነክቶ ገባ፤ በሩም ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ተንበርክካ ገባች። ሞላውን ለቀቀች። ቺንጋውን ከብረቷ ላይ ስታነሳው ወዲያው አልታዘዘም፤ የበረዶውን ወራት ሙሉ የተኛበትን ቅርጽ ይዞ ቀረ። ይዛው ወጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አለቀሰች፤ አፍንጫዋ ቆሽሾ፣ እጇ ጠቁሮ፣ ማንም ሳያያት። ሲበቃት ተመልሳ ገብታ ከብረቷ በውስጥ በኩል አሳልፋ ሞላውን መለሰች፤ ፑሌጃውን በእጇ አዞረችው። ያለ ድምፅ ዞረ።

ኦርቪል ተጎታቹን እያንገጫገጨ ሲደርስ ወጥታ መንገዱ ላይ ቆመች።

«ዛሬ ባዶዎን ይመለሳሉ፣ ጋሽ ኦርቪል።»

ሽማግሌው ፊቷን አየ፤ ያዘጋጀውን ቀልድ ዋጠው። ባርኔጣውን ነካ አድርጎ መኪናውን አዞረ።

ሞተሩን ግን በዚያን ቀን አላስነሳችም። አባቷ ድምፁን መስማት እስኪችል ሣሩ አንድ ሳምንት ይጨምር ብላ የካንዴላውን ገመድ እንደተለየ ተወችው፤ እጇንም ታጥባ አባቷ ወዳለበት ገባች።

እናንተ ልጆቼ፣ አደራ፦ ቸኩሎ ቺንጋ ያሰረ፣ ከአዲስም ይበልጣል ብሎ የሳቀ አንደርስ የሚባል ልጅ ነበር። አስታውሱልኝ።