የሻንጣው ትርጉም

ወይዘሮ ከበቡሽ እግራቸው ተሰብሮ ጄሶ ከታሰረላቸው ወዲህ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ከሶፋ ላይ ነው። ዱባይ ያለችው ትልቋ ልጃቸው ጽጌሬዳ፣ እናቷ እንዳይሰለቻቸው ብላ በኢንተርኔት ፊልም ትከራይላቸዋለች። ታዲያ ኪራዩ እንደ ቤት ኪራይ አይደለም፤ ፊልሙ አንዴ ከተከፈተ ልክ በሁለት ቀኑ ራሱን ይዘጋል፣ ልመና አይሰማም።

በኮምፒውተር ማየት ደግሞ ለእሳቸው ፊልም ማየት አይደለም። ስለዚህ ታናሿ ልጃቸው ሶልያና፣ ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየውን ኤልናታንን ኬብል እንዲያውሳት ጠየቀችው። እሱም ኬብሉን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲያገናኘው ምስሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ፤ ድምፁ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀረ። ቢነካካው ቢነካካው እምቢ አለ።

ወይዘሮ ከበቡሽ ቅር አላላቸውም። ድሮ ፒያሳ ካለው ቪዲዮ ቤት የተተረጎመ ፊልም እያስመጡ ያዩ ስለነበር፣ ድምፁ ቢመጣስ ምን ሊያደርግልኝ፣ አንተው ተርጉምልኝ አሉት። እንዲህ ሆኖ ዓርብ አመሻሽ ላይ የተጀመረው ፊልም፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹ ለእሁድ ከሰዓት ተረፈ።

ሶልያና እሁድን የጠበቀችው ለፊልሙ አልነበረም። ኤልናታን የሚሠራበት የግንባታ ድርጅት ጂንካ መድቦት ማክሰኞ ሊሄድ ነው። ዓመት ሙሉ በአንድ በር ሲገቡና ሲወጡ፣ ከምትሠራበት ፋርማሲ ስትመለስ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጠብቃት፣ «እንደምን ዋልሽ» ከማለት አልፎ አያውቅም። እሷም ያው ናት። እሱ ከደቡብ የመጣ የቱላ ልጅ፣ የፕሮቴስታንት ቤተሰብ፤ እሷ ከጎንደር የመጡ ኦርቶዶክሶች ልጅ። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ ዓይናቸው ግን አላወቀውም። ማክሰኞ ሳይነጋገሩ ከተለያዩ ደግሞ አለቀ።

እሁድ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጡረታ የወጡት መምህር፣ አባቷ አቶ ገብረየስ፣ ጥግ ላይ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን በጋዜጣ ጋረዱ። ኤልናታን ድምፁን ለመስማት ኮምፒውተሩ አጠገብ፣ ሶልያና ደግሞ እሱ አጠገብ ተቀመጡ።

ፊልሙ ላይ አንድ ሰውዬ መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ አንዲት ሴት ያናግራል። በእንግሊዝኛ ያላት ሻንጣዬን አይተሻል ወይ ነው። ሶልያና በደንብ ሰምታዋለች።

ኤልናታን ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ልሄድ ነው› ይላታል። ‹የከበደኝ መሄዱ አይደለም፤ ሳልነግርሽ መሄዱ ነው።›»

«ወይ አንጀቴን» አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ። «እሷስ ምን አለችው?»

ሴትዮዋ ያለችው ትኬት መቁረጫው ተዘግቷል ነው። ኤልናታን አቀረቀረ። የሶልያና ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ገባት።

«የሴቷን እኔ ልተርጉም» አለች። «‹ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር?› ትለዋለች።»

«‹ፈርቼ ነው› ይላል። ‹ቤተሰቦችሽን አከብራለሁ። ሰላምታሽንም እንዳላጣው ፈራሁ።›»

«‹እኔም ከሥራ ስወጣ ባጃጅ የማልይዘው፣ በእግሬ ቀስ ብዬ ስመጣ እንድታየኝ ነው› ትለዋለች።»

«ፈረንጅ አገርም ባጃጅ አለ እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ ከበቡሽ።

ኤልናታን ኮምፒውተሩን ትቶ ወደ ሶልያና ዞሯል። በዚህ መሃል የኪራዩ ሰዓት ደረሰና ፊልሙ ተዘጋ፤ ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ሁለቱ ልብ አላሉትም።

«‹እወድሻለሁ› ይላታል» አለ ኤልናታን ቀስ ብሎ።

«‹እኔም› ትለዋለች።»

ሶልያና ከደስታዋ ብዛት ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን ረስታው ነበር።

«ልጆች» አሉ እናቷ፣ የጨለመውን ቴሌቪዥን እያዩ፣ «ፊልሙ እኮ ቆሟል። የማንን ነው የምትተረጉሙት?»

ጥጉ ላይ ጋዜጣው ወረደ። ሶልያና አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት እንግሊዝኛ መሆኑ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ሰውዬው የጠየቀው ሻንጣውን ነበር» አሉ አቶ ገብረየስ።

ኤልናታን ብድግ አለ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ...»

«ተቀመጥ። ስንት የተማሪ ትርጉም አርሜአለሁ፤ እንዲህ ያለ ስህተት ግን አይቼ አላውቅም።» መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሳቃቸው አምልጧቸዋል። «የሃይማኖቱን ነገር ከትልልቅ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን። ከዚህ በኋላ ግን እኔ ፊት አትተርጉም፤ ሽማግሌ ላክ።»

ኤልናታን ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ኬብሉ እግሩን ጠልፎት ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሶልያና ክንዱን ያዘችው፤ ከዚያም ቶሎ አልለቀቀችውም።

ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው። መኪናው ሊነሳ ሲል ኤልናታን በመስኮት ብቅ ብሎ፣ ሻንጣው ጭኑ ላይ እያለ፣ ሻንጣዬን አይተሻል ወይ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ሶልያና ሳቀች። መተርጎም አላስፈለጋትም።

ማታ ጽጌሬዳ ከዱባይ ደውላ እናቷን ፊልሙ እንዴት እንዳለቀ ጠየቀቻቸው።

«ገና ነው ልጄ» አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ። «ሽማግሌዎቹ ሐሙስ ነው የሚመጡት።»